ቸነፈሩ ቢበረታ ኖሮ ማን ይተርፍ ነበር?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበው ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።



ዛሬ የምናነሳው የታሪክ ጉዳይ ወጣቶቻችን ተሰብስበው ሲጨዋወቱ አልፎ አልፎ የሚያነሱት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1347 እስከ 1353 አውሮፓን የጠረገው፣ «ጥቁሩ ሞት» እየተባለ የሚጠራው ቸነፈር ከሕዝቧ ከሲሶው እስከ እኩሌታው የሚደርሰውን ፈጅቷል። ታዲያ ሲሶውን ሳይሆን ሁሉንም ፈጅቶ ቢሆን ኖሮስ? ግራናዳ አትወድቅም፤ ኮሎምበስ መርከብ አይሳፈርም፤ ቅኝ ግዛት የሚባል ነገር አይመጣም፤ ዓለም በሙስሊሞች እጅ ትሆን ነበር ይላሉ። ሐሳቡ የእነሱ ብቻ አይደለም። ኪም ስታንሊ ሮቢንሰን የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2002 «የሩዝና የጨው ዓመታት» የሚል ልብ ወለድ አሳትሟል። በዚያ መጽሐፍ አውሮፓውያን ከሞላ ጎደል ያልቃሉ፤ የዓለም መሪነትም በሙስሊሞችና በቻይናውያን እጅ ይወድቃል።

«ይህ ጨዋታ ነው፤ ምን ጉዳት አለው?» የሚል አይጠፋም። ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ታሪኩ እንደዚያ አይደለም። ሁለተኛ፣ የጎረቤትን ቤት መራቆት የራስ ቤት ሙላት አድርጎ ማየትን ያስለምዳል። ይህ ልማድ ደግሞ አውሮፓ ሩቅ ናትና እዚያው አይቀርም፤ ወደ ሰፈራችንም ይወርዳል። ስለዚህ ነገሩን ከሩቅ ጀምረን እስከ ሰሜን ሸዋ፣ እስከ ጓሳ ጫፍ ድረስ አብረን እንመልከተው።

«ቢሆን ኖሮ» ማለት ይፈቀዳልን?

ቅድሚያ አንድ ነገር እናጥራ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሰው መከራ ሲደርስበት «እንዲህ አድርጌ ቢሆን ኖሮ» እያለ እንዳይብሰለሰል፣ ይህ ዓይነቱ ንግግር ለሸይጣን ሥራ በር እንደሚከፍት መክረዋል። ሐዲሡን ሙስሊም ዘግበውታል። ይሁን እንጂ ዑለሞች «ቢሆን ኖሮ» የሚለው ቃል ሁሉ የተወገዘ አይደለም ብለዋል። ኢማም ቡኻሪ በሶሒሓቸው ውስጥ ከዚህ አነጋገር የሚፈቀደውን የሚመለከት ራሱን የቻለ ባብ አኑረዋል። በቀደር ላይ ለማጉረምረም ከሆነ ይከለከላል፤ ለትምህርትና ነገርን ለመመርመር ከሆነ ግን ክፋት የለበትም። እኛም ዛሬ የምናደርገው ይህንኑ ሁለተኛውን ነው።

መርከቡ የት የት ቆመ?

ጥቁሩን ሞት ያመጣችው የሺኒያ ፔስቲስ የምትባል ባክቴሪያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1894 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ያገኛት አሌክሳንደር የርሲን የተባለ ሐኪም ነው። ዋና መኖሪያዋ አይጥና አይጠ መጎጥ ሲሆን ወደ ሰው የምትሻገረው በአብዛኛው በቁንጫ ነው። ቁንጫን ደግሞ የደጋም የቆላም ቤት ያውቀዋል፤ የቤቱን ባለቤት ሃይማኖት ጠይቆ አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነ የዘረ መል ምርምር የዚያን ቸነፈር መነሻ በዛሬዋ ኪርጊዝስታን፣ ኢሲክ ኩል በተባለው ሐይቅ አካባቢ አመልክቷል። እዚያ በ1338 እና በ1339 በቸነፈር የሞቱ ሰዎች መቃብር ተገኝቷል። ከዚያ በንግድ መስመር ወደ ምዕራብ ሄዶ በ1346 ጥቁር ባሕር ዳር ደረሰ። በጊዜው የወርቃማው ኦርዳ ገዥ የነበረው ሙስሊሙ ጃኒ ቤግ፣ ጄኖዎች የሚነግዱባትን ካፋን ከቦ ነበር። በቸነፈሩ መጀመሪያ የረገፈው ከከተማው ቅጥር ውስጥ ያለው ሕዝብ ሳይሆን ከቅጥሩ ውጭ ያለው የከባቢው ሠራዊት ነበር።

በ1347 መኸር ላይ ቸነፈሩ በጣሊያን መሲና ገባ። በዚያው ወቅት በግብፅ እስክንድርያም ገባ። አድማጮቼ ይህን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። አንዱ ባሕር፣ አንዱ ንግድ፣ አንዱ ዓይነት መርከብ ነው። በ1348 ደማስቆና ካይሮ ተመቱ፤ በ1349 መካ ደረሰ፤ በ1351 ደግሞ የመን ገባ። ታላቁ የታሪክ ሊቅ ኢብኑ ኸልዱን ወላጆቻቸውን ያጡት በዚሁ ቸነፈር ቱኒስ ውስጥ ነው። ግብፅ ከሕዝቧ ሲሶ ያህሉን፣ ምናልባትም ከዚያ የሚበልጠውን አጣች።

እንግዲህ «አውሮፓን በበለጠ ቢመታ ኖሮ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ባክቴሪያዋ ያችው፣ መርከቡ ያው፣ ቁንጫውም ያው ነው። መሲና ላይ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ የሚገድል ሕመም እስክንድርያ ላይ ሲደርስ ለስላሳ የሚሆንበት ምክንያት የለም። ግዴለም፣ በአላህ ተአምር አውሮፓን ብቻ ነጥሎ መታ እንበል። የግብፅ ሱልጧኖች ዋናው ወታደር ከጥቁር ባሕር አካባቢ ተገዝቶ የሚመጣ መምሉክ ነበር፤ ይህንንም ንግድ በብዛት የሚያካሂዱት የጄኖዋ መርከቦች ነበሩ። ከሕንድ የሚመጣውን ቅመም እስክንድርያ ላይ የሚገዙት ደግሞ ቬኒሶች ነበሩ። ገዥው ከሞተ ሻጩ ማንን ያበላል?

በሐቅ ለመናገር ቸነፈሩ ለሙስሊሞች ፋታ የሰጠበት ጊዜም ነበር። የካስቲሉ ንጉሥ አልፎንሶ 11ኛ ጂብራልታርን ከቦ ሳለ በመጋቢት 1350 በዚሁ ቸነፈር ሞተ፤ ከበባውም ተነሣ። ግራናዳ እስከ 1492 ቆየች። ነገር ግን ግራናዳና አልሜሪያ ራሳቸው ሰዎቻቸውን ቀብረው ስለነበር በንጉሡ ሞት ተጠቅመው ወደፊት ሊገፉ አልቻሉም። የደከመ ሰው የወደቀ ሰውን አይዘርፍም።

ስለ ይፋት የጻፈው ሰው

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ፣ በመንዝ የሚገኝ ውርጫማ የሣር ምድር ነው። ከምሥራቁ ጠርዝ ቁልቁል የሚታየው ቆላ የኤፍራታና ግድም፣ የቀወት፣ ባጠቃላይ የጥንቱ ይፋት አገር ነው። በዚያ ቆላ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሱልጧኖች ነግሠዋል። ዛሬ በዳገቱ ላይ የመስጂድ፣ የቤትና የመቃብር ፍርስራሽ ይዘው የቆሙ እንደ አስባሪ፣ መሳልና ኖራ ያሉ ጥንታዊ ከተሞች አሉ። የኢትዮጵያና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ እነዚህ ሦስት ከተሞች ጽፈዋል።

እነዚህ ከተሞች ሙሉ በነበሩበት ዘመን ስለ ይፋት ሰፋ ያለ መረጃ የተዉልን ኢብኑ ፈድሉላህ አል ዑመሪ ናቸው። እሳቸው የደማስቆ ሰው፣ በካይሮ ቤተ መንግሥትም የሠሩ ጸሐፊ ነበሩ። ሸይኽ አብዱላህ አዝ ዘይለዒን የመሳሰሉ የአገራችን ሰዎች ወደ ካይሮ ሲሄዱ እየጠየቁ ጻፉ። በኢትዮጵያ ያሉትን ሰባት የሙስሊም ግዛቶች በስም ዘረዘሩ። የይፋት ስፋት የሃያ ቀን በአሥራ አምስት ቀን መንገድ እንደሆነ፣ 15,000 ፈረሰኛ እንዳላት መዘገቡ።

እኒህ ሰው የሞቱት መቼ ነው? በ749 ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1349 መጀመሪያ፣ ደማስቆ ውስጥ፣ በዚያው ቸነፈር ነው። እንግዲህ አንድ «ቢሆን ኖሮ» እኔም ልጨምር። ቸነፈሩ አሥር ዓመት ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ስለ አያቶቻችን የተጻፈው ያ ሰነድ አይኖርም ነበር። የሐነፊ ፊቅህ ተማሪ የሚያውቀው «ነስቡ ራያ»ም እንዲሁ ነው። አዘጋጁ ጀማሉዲን አዝ ዘይለዒ በካይሮ ያረፉት በ762 ዓመተ ሒጅራ ነው፤ የጥቁሩ ሞት ዘመን ሰው ሆነው ቸነፈሩን አልፈው ኖረዋል ማለት ነው። ቸነፈሩ ካይሮ ላይ ትንሽ በርትቶ ቢሆን ኖሮ እሳቸውን መሰል ሊቃውንት ባልተረፉልን ነበር።

ይህ የቆላው ብቻ ነገር አይደለም። የደጋው ክርስቲያንም ጳጳሱን የሚያስመጣው ከእስክንድርያ መንበር ነበር። በዚያን ጊዜ ይፋትና የደጋው ነገሥታት ይዋጉ እንደነበር እናውቃለን፤ ዓፄ ዓምደ ጽዮን ይፋት ላይ የዘመቱት በ1332 ነው። ቢሆንም ሁለቱም ዓይናቸው አንድ ወደ ሆነ ሩቅ አገር፣ ወደ ግብፅ ይመለከት ነበር። የግብፅ ቤት ሲፈርስ የሁለቱም ግድግዳ ይሰነጠቃል።

እኩል ሞት፣ የተለያየ ውጤት

እስካሁን ያልነው ሞት ጎራ እንደማይለይ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን የዛሬው ንግግራችን እምብርት ነው።

እንግሊዝም ግብፅም በቸነፈሩ ከፍተኛ የሕዝብ ቁጥር አጥተዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን አገሮቹ አልተመሳሰሉም። በእንግሊዝ ሠራተኛ ስላነሰ የጉልበት ዋጋ ጨመረ። መንግሥት በ1351 ደመወዝ እንዳይጨምር ሕግ ቢያወጣም ሊያቆመው አልቻለም። እህል ይዘራበት የነበረው ማሳ ለበግ ግጦሽ ሆነ፤ የተረፈውም ገበሬ ቀስ በቀስ ኑሮው ተሻሻለ። የግብፅ እርሻ ግን የሚኖረው በአባይ ውኃ ነው። ቦዩ በየዓመቱ ይጠረጋል፤ ግድቡ በየዓመቱ ይጠገናል፤ ለዚህም ብዙ እጅና አንድ ላይ የሚያዝ ሥርዓት ያስፈልጋል። ገበሬው ሲሞት ግድቡን የሚጠግን ጠፋ። መሬቱ የተሰጣቸው አሚሮች ካይሮ ተቀምጠው የቀድሞውን ያህል ግብር ከተረፈው ጥቂት ሰው ላይ ጠየቁ። ገበሬው መንደሩን እየጣለ ተሰደደ፤ ቦዩ ተደፈነ። ቸነፈሩም በየጊዜው ተመላለሰ። ግብፅን ለረጅም ጊዜ ያደከማት ሞቱ ብቻ ሳይሆን የተረፉት አያያዝ ጭምር ነው።

ይህን ለጓሳ ሰው ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለክፉ ቀንም ለከብት ግጦሽ ይሆናል። አስቦና ጌራ የተባሉ የጥንት አባቶች ካቀኑት ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ለሦስትና ለአምስት ዓመት ያህል ተዘግቶ ይቆያል፤ ማኅበረሰቡ ተመካክሮ ሲወስን ይከፈታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ተመልሶ ይዘጋል። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ነዋሪው ተሰባስቦ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቋመ። ምድሩን ያቆየው የሰው ብዛት አልነበረም፤ ያቆየው የተስማማ ሰው ነው። የአባይ ግድብና የጓሳ ሣር ትምህርታቸው አንድ ነው።

ስለዚህ «የአውሮፓ ሕዝብ ጨርሶ ቢያልቅ ዓለም የእኛ ትሆን ነበር» የሚለው አባባል መሠረቱ የላላ ነው። የጎረቤት ሞት ለማንም ግድብ አይጠግንለትም። የልብ ወለዱ ደራሲ እንኳ አውሮፓውያንን ካጠፋ በኋላ የቀሩትን በሰላም ማኖር አልቻለም፤ ሙስሊሞችና ቻይናውያን ለአሥርተ ዓመታት የሚፋጁበትን ጦርነት ነው የጻፈው።

ቀባሪ ሲጠፋ

ቸነፈር በእኛም ደጋ አልፏል። ግዕዝ ለእንዲህ ያለ መቅሰፍት «ብድብድ» የሚል የራሱ ቃል አለው። ማሪ ሎር ደራ የተባሉ ፈረንሳዊት የታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት ከ13ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ጽሑፎች ቸነፈርን እንዴት እንደሚያነሱ መርምረዋል። ከነዚህ የሚታወቀው የዓፄ ዘርአ ያዕቆብ (1434–1468) ዜና መዋዕል ነው። ንጉሡ ደብረ ብርሃን ተቀምጠው ሳለ ከመንዝ ብዙም በማትርቀው በዚያች ከተማ ቸነፈር ገባ። የሞተው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ ቀባሪ እስኪጠፋ ደረሰ። ንጉሡም መቅሰፍቱ እንዲርቅ በማሰብ የቂርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ።

ይህ ሲሆን የይፋት ሱልጧን የነበሩት ሰዕደዲን ዘይላዕ ላይ ከተገደሉ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ የወላስማ ልጆችም ወደ ምሥራቅ ሄደው አዳልን አቋቁመዋል። የይፋትን መንበር ያፈረሰው የደጋ መንግሥት ራሱ መናገሻው ውስጥ ቀባሪ አጣ ማለት ነው። በዚህ የሚደሰት ሙስሊም ካለ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አላነበበውም። የመንዝ ገብስና የበግ ጠጉር ባና ወደ ይፋት፣ የይፋት ማሽላና ጥጥ ወደ መንዝ ሲመላለስ የኖረ ነው። የላይኛው ገበያ ቢዘጋ የታችኛው ሸማኔ ጥጡን ለማን ይሠራዋል?

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጊዜም አያቶቻችን ይህንኑ አይተዋል። በሽታው ከዓለም ጦርነቱ ማብቂያ ጋር አብሮ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ቀብር የሚያወጣ ሰው አስቸገረ። በይፋትና በወሎ የለመድነው ቂሬ፣ በሌላውም አገር ዕድር፣ ጥቅሙ የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ቀን ነው።

የቀደሙት እንዴት ተወጡት?

በ18 ዓመተ ሒጅራ ሻም ውስጥ የዐምዋስ ቸነፈር በገባ ጊዜ ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ወደዚያው እየተጓዙ ነበር። ሙሃጂሮችን፣ አንሷሮችንና የቁረይሽ ሽማግሌዎችን አማከሩና ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንምን ብለው ጠየቋቸው። ዑመርም ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ ገለጹላቸው። ምሳሌም ሰጧቸው፦ አንድ ሰው ግመሎቹን ይዞ አንድ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ደረቅ የሆነ ሸለቆ ቢገባ፣ በለምለሙም ቢያሰማራ በደረቁም ቢያሰማራ በአላህ ቀደር ነው። ከዚያም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መጥተው ቸነፈር ያለበት አገር አለመግባትን፣ ካሉበት አገር ሲነሣም ሸሽቶ አለመውጣትን የሚያዘውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲሥ ነገሯቸው። አቡ ዑበይዳ በዚያው ቸነፈር ሸሂድ ሆኑ። ኋላ ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) ሕዝቡን ወደ ተራራ በትነው እንዳወጡና በሽታው እንደተነሣ ተዘግቧል።

ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ በ1348 በደማስቆ ኢብኑ በጡጣ ያዩትን ጽፈዋል። ሕዝቡ ሦስት ቀን ጾመ፤ ከዚያም ሙስሊሙ ቁርኣኑን፣ አይሁዱ ተውራቱን፣ ክርስቲያኑ ኢንጂሉን ይዞ፣ ሁሉም በእግሩ እያለቀሰ ወደ አንድ አቅጣጫ ወጣ። በዚያው ቸነፈር ወቅት፣ በየካቲት 1349፣ በስትራስቡርግ አይሁዶች የውኃ ጉድጓድ መርዘዋል ተብለው በእሳት ተቃጠሉ። ፍትሕ ለመናገር ያህል ጳጳሱ ክሌመንት 6ኛ በ1348 ይህን ክስ ተቃውመው ደብዳቤ አውጥተው ነበር። ሞቱ በሁለቱም ከተሞች ሞት ነው፤ ልዩነቱ ያለው የተረፉት ሰዎች እርስ በርሳቸው ባደረጉት ላይ ነው።

አድማጮቼ፣ ከተማን ባዶ ለማድረግ ቸነፈር ብቻ አያስፈልግም። ከጓሳ ሥር ያለችው አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በጥይትና በእሳት ስትጎዳ፣ ነዋሪዋም ሲሰደድ አይተናል። ያን ጊዜ በዚያ ያሸነፈ ጎረቤት አልነበረም። ስለዚህ ልጆቻችን «እነዚያ ጨርሰው ቢያልቁ ኖሮ» የሚል ጨዋታ ሲጀምሩ አንቆጣ፤ ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንንገራቸው። መርከቡ መሲናም እስክንድርያም እንደቆመ እንንገራቸው። ስለ ይፋት የጻፉልን ሰው በዚያው ቸነፈር እንደሞቱ እንንገራቸው። ደብረ ብርሃን ላይ ቀባሪ እንደጠፋም እንንገራቸው። በየሰፈራችን ያለውን ቂሬና ዕድር ደግሞ ክፉ ቀን ሳይመጣ አጠናክረን እንያዝ፤ የጎረቤታችን ሐዘን ላይ ሃይማኖቱን ሳንጠይቅ እንድረስ።

አላህ አገራችንን ከበላእና ከፊትና ይጠብቅልን፤ የሞቱብንን ይማርልን፤ የተረፍነውን ያስተካክለን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።